ስሙ ማን ይባላል? ስለ ስደተኞች የተሠሩ ልብ አንጠልጣይ ፊልሞችና የእኛ መድረክ

ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሁመራ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት የቀን ሠራተኛው፣ በሌላውም ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ያልፍባታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚያ በማገለግልበት ጊዜ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ ወጣቶቹ በፍላሽ የመጣ ፊልም በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አሳዩን። ፊልሙ «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ነበር። የመረጡት ከጎንደር ምድር ስለ ወጡ ሰዎች ይናገራል ተብሎ ስለ ተነገራቸው ነው። ሲያልቅ አጨበጨቡ። ከኋላ ተቀምጠው የነበሩ፣ እኛ «አያ» እያልን የምንጠራቸው አንድ አባት ግን ዝም አሉ። በወጣትነታቸው የቤተ እስራኤል ጎረቤቶቻቸው አንድ ሌሊት ቤታቸውን ዘግተው ሲሄዱ ያዩ ሰው ናቸው። ምን እንዳሰቡ ጠየቅኋቸው።

«ጥሩ ነው ልጄ» አሉኝ። «ግን እነዚያ ሰዎች እኮ ሱዳን ድረስ በእግራቸው ነው የሄዱት። ይሄ ሰውዬ ከመምጣቱ በፊት ማን መራቸው? ውሃ ያለበትን ማን አሳያቸው? ስሙስ ማን ይባላል?»

ይህ ጽሑፍ የአያን ጥያቄ የሚከተል ነው። አንዳንድ አንባቢ «የወንጌል አገልጋይ ስለ ፊልም ምን ቤት ነው?» ይል ይሆናል። መልሴ አጭር ነው። የምንሰብክለት ወጣት ስለ ስደተኛ ያለውን አሳብ ከዘሌዋውያን 19 ይልቅ ከስልኩ ይቀበላል። ከዚያም በላይ፣ እነዚህ ፊልሞች ታሪክ የሚያወሩበት መንገድና እኛ በመድረክ ላይ ምስክርነት የምናቀርብበት መንገድ እኛ ከምናስበው በላይ ይመሳሰላል። በፊልሙ ላይ የምናየውን ጉድለት በመድረካችንም ላይ እናገኘዋለን።

ጥያቄው ማንን ያሳየናል?

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ይቆማል። የወንጀል ምርመራ ፊልም አስከሬን አሳይቶ «ማን ገደለው?» ብሎ ይነሣል። የስለላ ፊልም ደግሞ «ሳይያዙ ያመልጡ ይሆን?» ይላል። ጥያቄው ተመልካቹን ከወንበሩ እንዳይነሣ ያደርገዋል። ነገር ግን ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ማንን እንደምናይና ማንን እንደማናይ ይወስናል። «ማን ገደለው?» የሚለው ፊልም መርማሪውንና ገዳዩን በደንብ ያሳየናል፤ ሟቹ ግን ብዙ ጊዜ ታሪኩን ለማስጀመር ብቻ የተጋደመ በድን ነው። ስደተኛ ወደዚህ ዓይነት ፊልም ሲገባ ከሁለቱ ቦታዎች አንዱ ይሰጠዋል፤ ወይ ሟች ይሆናል፣ ወይ ድንበር የሚሻገር ጭነት ይሆናል።

መጽሐፍ ቅዱስም ምርመራን ያውቃል። የመጀመሪያው ግድያ በተፈጸመ ጊዜ እግዚአብሔር ቃየንን ያነጋገረበትን ቦታ ልብ ብላችሁ አንብቡ (ዘፍ. 4፥9)። ጥያቄው የሚጀምረው ከገዳዩ ማንነት አይደለም። አቤል በስሙ ይጠራል፤ የጠያቂው ተጠያቂ ወንድም መሆኑም በጥያቄው ውስጥ ይነገራል። መለኮታዊው ምርመራ የጠፋውን ሰው በስም ይዞ ይነሣል። እንግዲህ በዚህ መለኪያ ሦስት ፊልሞችን እንመልከት።

የቀይ ባሕሩ ሆቴል

«ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» ጊዲዮን ራፍ ጽፎ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በኔትፍሊክስ የወጣ ፊልም ነው። መነሻው እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ፣ በሱዳን የቀይ ባሕር ዳርቻ ጣሊያኖች ሠርተውት የተተወ የመዝናኛ መንደር ተከራይቶ፣ ቀን ባሕር የሚጠልቁ ቱሪስቶችን እያስተናገደ ሌሊት የቤተ እስራኤል ስደተኞችን ከመጠለያ ጣቢያ እያወጣ ያሻግር ነበር። ኋላም ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ሙሴ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች ከሱዳን በአውሮፕላን ተወስደዋል። በመንገድና በመጠለያ ጣቢያዎቹ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። የዘመቻው ሙሉ ስሌት እነዚህን ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ ይጠይቃል።

ለፊልሙ የሚገባውን እንስጠው። ሌሊቱን፣ የኬላውን ፍርሃት፣ የጭነት መኪናው ሞተር ድንገት ሲጠፋ የሚሰማውን ጭንቀት በደንብ ያሳያል። ቱሪስት የማይጠብቀው ሆቴል እውነተኛ ቱሪስቶች ሲመጡበት የሚፈጠረው ትርምስም ያስቃል። የስደተኞቹ መሪ ከበደ ቢምሮ ሆኖ የሚጫወተው ማይክል ኬ. ዊልያምስ በጥቂት ቃል ብዙ ሐዘን ይሸከማል። ይህን ታሪክ ሰምቶት ለማያውቅ የዓለም ተመልካች ማሰማቱም ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ውሳኔው፣ ሩጫው፣ ቀልዱ፣ ጸጸቱና የቤተሰብ ናፍቆቱ ሁሉ የሰላዩ የአሪ ነው። አሪ ልጅ እንዳለው፣ ከአለቆቹ ጋር እንደሚጣላ፣ ሰውነቱን እንዴት እንደሚያጠነክር እናውቃለን። ከስደተኞቹ መካከል ግን ከከበደ በቀር በስሙ የምናስታውሰው ሰው አናገኝም፤ የከበደንም ቤት፣ ትምህርትና እርሻ አናውቅም። ሌሎቹ በመኪና ላይ ይጫናሉ፣ በጀልባ ይወርዳሉ፣ በዓይናቸው ያመሰግናሉ። ፊልሙ የተቀረጸው በናሚቢያና በደቡብ አፍሪካ በመሆኑም ከአርማጭሆ ቆላ፣ ከመተማ ሜዳ ወይም ከገዳሪፍ መንገድ አንድም ነገር የለበትም።

እዚህ ላይ የአያ ጥያቄ ትክክል ነው። ከበደ ቢምሮ የተቀረጸው ፈረደ አክሉም ከተባለ እውነተኛ ሰው ታሪክ ነው። ፈረደ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ሱዳን ተሰድዶ፣ ከዚያ እርዳታ የሚጠይቁ ደብዳቤዎችን ላከ፤ ሰላዩም የመጣው ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ነው። እንግዲህ ታሪኩን የጀመረው ስደተኛው ነው። ከሆቴሉ በፊት ደብዳቤ ነበረ፤ ከደብዳቤውም በፊት በእግር የተሄደ ሌሊት ነበረ። ፊልሙ ግን የተጠራውን ሰው ጠሪ አድርጎ አቀረበው።

ረዓብና ስማቸው ያልተጻፈው ሰላዮች

ይህን ፊልም ከኢያሱ ምዕራፍ 2 ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። እርሱም የስለላ ታሪክ ነው። ሁለት ሰላዮች ድንበር ተሻግረው ይገባሉ፣ ንጉሡ ይሰማል፣ አሳዳጆች ይላካሉ፣ ሰዎቹ በጣራ ላይ በተልባ እግር ውስጥ ይደበቃሉ፣ በመስኮት በገመድ ይወርዳሉ። ለልብ አንጠልጣይ ፊልም የሚያስፈልገው ሁሉ አለበት።

የማን ስም ተጻፈ? የሁለቱ ሰላዮች ስም በምዕራፉ ውስጥ የለም። የኢያሪኮ ንጉሥም ስሙ አልተጠቀሰም። በስሟ የተጠራችው በከተማዋ ቅጥር ላይ የምትኖረው ጋለሞታ ረዓብ ናት። ረጅሙ ንግግርም የእርሷ ነው፤ ስለ አባቷና ስለ እናቷ፣ ስለ ወንድሞቿና ስለ እኅቶቿ የምትለምነው እርሷ ናት (ኢያ. 2፥13)። ማቴዎስ በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ፣ የዕብራውያን ጸሐፊ በእምነት አባቶች ዝርዝር ውስጥ፣ ያዕቆብም በመልእክቱ ይጠሯታል። ሰላዮቹ ግን በሦስቱም ቦታ ስም የላቸውም።

የስለላ ታሪክ ለመጻፍ ከፊልም ሠሪው ያላነሰ ጥበብ የነበረው ጸሐፊ፣ ስሙን ሊሰጥ የመረጠው ለሌላው ሰው ነው። ይህ ምርጫ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። የእግዚአብሔር ማዳን በሚተረክበት ቦታ አዳኙ እግዚአብሔር ራሱ ነው፤ ስለዚህ መልእክተኛው ጀግና መሆን አያስፈልገውም። መልእክተኛው ጀግና ከሆነ፣ የዳነው ሰው ለጀግንነቱ ማስረጃ ከመሆን አያልፍም።

በለንደን ሆቴል የተገኘው ልብ

ሁለተኛው ፊልም «ደርቲ ፕሪቲ ቲንግስ» ነው። ስቲቨን ናይት የጻፈው፣ ስቲቨን ፍሪርስ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ነው። ኦክዌ የተባለ ናይጄሪያዊ ሐኪም አገሩን ጥሎ ለንደን ገብቶ፣ ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ሌሊት በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ይሠራል። አንድ ሌሊት የተዘጋ የሽንት ቤት ቧንቧ ሊያስተካክል ገብቶ የሰው ልብ ያገኛል። ምርመራው ከዚያ ይጀምራል።

ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። እዚህ መርማሪው ራሱ ስደተኛው ነው። ለፖሊስ ሊናገር ሲል የሆቴሉ አለቃ ስልኩን አቅርቦ ይሰጠዋል፤ ኦክዌ ግን መናገር አይችልም። ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው የተናጋሪውን ማንነት ነውና። እውነትን ያገኘ ሰው እውነቱን ለመናገር ስም ያስፈልገዋል፤ እርሱ ግን ስሙን የተናገረ ቀን ይባረራል። ስደተኛ ስለሆነ ሰው ስንት ስብከት ሰብከናል? ይህችን አንዲት አጭር ትዕይንት ያህል የሚያስረዳ ግን እኔ አልሰበክሁም።

ምርመራው ሲቀጥል አለቃው ስደተኞችን ለፓስፖርት ሲሉ ኩላሊታቸውን እንዲሰጡ የሚያደርግ መሆኑ ይታወቃል። ጥገኝነት የጠየቀችው ቱርካዊት ሴናይም በዚያው ወጥመድ አፋፍ ላይ ትደርሳለች። በመጨረሻ ኦክዌ አለቃውን በመድኃኒት አስተኝቶ የራሱን የአለቃውን ኩላሊት አውጥቶ ይሰጣል። ተመልካቹ በዚህ ደስ ይለዋል። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ነገር ግን የነገረ መለኮት ተማሪ እዚህ ቆም ማለት አለበት። ሐኪሙ በቀልን በሙያው ፈጸመ፤ የበደለውን ሰው ሥጋ እንደ በዳዩ አድርጎ ሸቀጥ አደረገ። ፊልሙ ፍርድ የሚያገኝበት ሌላ በር ስላላሳየን ይህን እንድንቀበለው ያባብለናል። ለተገፋ ሰው የሚፈርድ ሸንጎ በሌለበት የሚወለደው ፍርድ ይህን ይመስላል፤ ፊልሙን ከመውቀሳችን በፊት ሸንጎው ለምን እንደ ጠፋ እንጠይቅ።

ኩላሊቱን ሊወስድ የመጣው ሰው እነዚህን ሰዎች አይቷቸው እንደማያውቅ ሲናገር፣ ኦክዌ እነርሱ ታክሲ የሚነዱላችሁ፣ ክፍል የሚያጸዱላችሁ፣ የማይታዩት ሰዎች እንደሆኑ ይነግረዋል። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለችኝ አጋር ናት። ዘፍጥረት 16ን በጥንቃቄ አንብቡ። ሦራና አብራም እርስ በርሳቸው ሲነጋገሩ ገረድ ይሏታል እንጂ አንድም ጊዜ ስሟን አይጠሩም። በዚያ ታሪክ ውስጥ በንግግሩ ስሟን መጀመሪያ የጠራው የእግዚአብሔር መልአክ ነው። ከየት እንደ መጣችና ወዴት እንደምትሄድም ይጠይቃታል (ዘፍ. 16፥8)። ዛሬ በድንበር ላይ የሚጠየቀውም ይኸው ጥያቄ ነው፤ መልአኩ ግን አስቀድሞ ስሟን ያውቃል። እርሷም እግዚአብሔርን የሚያይ አምላክ ብላ ጠራችው። የታየች ሴት ለአምላክ ስም አወጣች።

የሌላ ልጅ ስም

ሦስተኛው «ሊቭ ኤንድ ቢካም» ነው። ራዱ ሚሃይሌኑ ያዘጋጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ፊልም ነው። በምድቡ የወንጀል ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን «ይታወቅበት ይሆን?» በሚል ምስጢር ላይ የቆመ ነውና ከልብ አንጠልጣይ ፊልሞች ጋር ብናስቀምጠው አይበዛበትም። በ1984 እ.ኤ.አ. በሱዳን መጠለያ ጣቢያ ያለች ኢትዮጵያዊት ክርስቲያን እናት ልጇ እንዲተርፍ ስትል ወደ ቤተ እስራኤል ሰልፍ ትገፋዋለች። ልጇ የሞተባት ሐና የምትባል እናት በሟች ልጇ ቦታ ትቀበለዋለች። ልጁ የሞተውን ልጅ ስም ይዞ ይሻገራል፤ እዚያም ሰሎሞን የሚለው ስም ወደ ሽሎሞ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ ሁሉ አንድ ቀን እንዳይጋለጥ የሚፈራ ነው።

ይህ ፊልም ለእኛ ይከብዳል፤ ልጁ ከእኛው ወገን ነውና። እናቱ ሐሰት እንዲናገር አዝዛዋለች። ፍርዳችንን ከመስጠታችን በፊት ዘጸአት 1 እና 2ን እናንብብ። ለፈርዖን እውነቱን ያልነገሩ አዋላጆች በዚያ አሉ፤ ስማቸውም ሲፍራና ፉሐ ተብሎ ተጽፏል፤ የፈርዖን ስም ግን አልተጻፈም። ልጇን በቅርጫት አድርጋ በሌላ ቤት ስም እንዲያድግ የለቀቀች እናትም አለች። ሐሰት መልካም ነው ማለቴ አይደለም። ሰው በራሱ ስም መኖር የማይችልበትን ዓለም የሠራው ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን የእምነት ሥራ ነው።

ፊልሙ ሌላም ነገር ያስተምራል። ስደተኛ በሄደበት ሁሉ ተጠርጣሪ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ እንደ መርማሪ ይጠይቀዋል፤ ታሪኩ ባለፈው ከተናገረው ጋር መግጠም አለበት። ስለዚህ ሰሚው የሚፈልገውን ታሪክ መናገር ይለምዳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያናችንም ይመጣል። እኛስ ምን እንጠይቀዋለን?

መድረካችን

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺህ ሰው በመተማ በኩል ገባ። ከሱዳናውያኑ ጋር ካርቱም ውስጥ ሲሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩ። አንዲት እኅት እኔ ወደማገለግልበት ጉባኤ መምጣት ጀመረች። ለስደተኞች የእርዳታ መባ የሚሰበሰብበት እሑድ ሲደርስ ምስክርነት እንድትሰጥ ጠየቅኋት። ከመድረክ በፊት ጠርቼ፣ ተኩሱ ከተጀመረበት ሌሊት ጀምሪ አልኋት። ሰው ልብ የሚሰጠው ለዚያ ነው ብዬ ነው። ከካርቱም በፊት የነበረውን ተዪው፤ ጊዜ የለንም አልኋት። «ከሱዳን የመጣች እኅታችን» ብዬ አስተዋወቅኋት። ተናገረች። ሰው አለቀሰ፤ መባውም ብዙ ሆነ።

ከጉባኤው በኋላ አንድ ሽማግሌ ለእርሷ ሊጸልዩ ፈልገው ስሟን ጠየቁኝ። አላውቀውም ነበር። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም፤ ከዚያም በኋላ አላየኋትም።

የአያን ጥያቄ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ፊልሙንም ነቅፌአለሁ። ያደረግሁት ግን ያንኑ ፊልም መሥራት ነው። ሌሊቱን መረጥሁ፣ ተኩሱን መረጥሁ፣ እርዳታ ሰጪውን ጉባኤ ጀግና አደረግሁት፤ እርሷን ጭነት አደረግኋት።

ይህ የእኔ ብቻ ስሕተት አይመስለኝም። በደርግ ዘመን ቤት ለቤት በስውር ስለ ተካሄደው አምልኮ ስንተርክም የታሰረውን ሰባኪ እንጠራለን፤ ቤቷን ከፍታ መጋረጃውን ስትጎትት የነበረችውን እናት ግን «አንዲት እናት» ብለን እናልፋታለን።

ምን እናድርግ?

ፊልም አትዩ አልልም። ከወጣቶችና ከተማሪዎች ጋር እዩ፤ ሲያልቅም ከማጨብጨብ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የማን ስም ይታወቃል? የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው ማን ነው? ስደተኛው ከአደጋው በፊት ምን ነበር? እነዚህኑ ጥያቄዎች ቀጥሎ በኢያሱ 2፣ በዘፍጥረት 16፣ ጌታ ራሱ በሌሊት ወደ ግብፅ በተወሰደበት በማቴዎስ 2 ላይ ጠይቁ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ በራሳችሁ መርሐ ግብር ላይ ጠይቁ።

ጥያቄዎቹ ከክፍል ውስጥ ልምምድ በላይ ናቸው። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን የገቡበት የሱዳኑ ኡም ራኩባ፣ በ1980ዎቹ ከእኛው አገር የተሰደዱት የሞቱበት ያው ጣቢያ ነው። በዳባት አቅራቢያ ባለው ዓለምዋጭ የኤርትራ ስደተኞች አሉ። ከመተማ ወዲህ በኩመርና በአውላላ ተጠልለው የነበሩ ሱዳናውያን በ2024 እ.ኤ.አ. በጸጥታ እጦት ጣቢያዎቹን ለቀው መንገድ ዳር ወጥተው ነበር። መንገዱ በሁለቱም አቅጣጫ ይሄዳል፤ አንድ ትውልድ የወጣበትን ሌላው ይገባበታል። በዚህ መንገድ ዳር የምናገለግል ሁሉ ምስክርነት ከመጠየቃችን በፊት ስም እንጠይቅ፤ ከስሙም ጋር ቤቱን፣ ሥራውን፣ የሚወደውን መዝሙር እንጠይቅ። መናገር ካልፈለገም ዝም ብሎ ከእኛ ጋር እንዲቀመጥ ቦታ እንስጠው። እንግዳ መቀበል ለእንግዳው ታሪክ የሚከፈል ዋጋ አይደለም (ዕብ. 13፥2)።

ከወራት በኋላ፣ በዚያ እሑድ አጠገቧ ተቀምጣ የነበረች የጉባኤያችን እኅት የዚያችን ሴት ስም ነገረችኝ። አሁን በስሟ እጸልይላታለሁ። እዚህ ግን አልጻፍሁትም፤ ለመጻፍ እርሷን መጠየቅ ይገባኛል፤ እስካሁንም አላገኘኋትም።